የትዕግሥት አረንጓዴ፣ የዘርፌ ቀይ

መጋቢት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይኸው ጻፊ ተባልሁ፣ ጻፍሁ። ከሰባተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ብዕር የምይዘው የሽሮና የበርበሬ ደንበኞቼን ትእዛዝ ለመመዝገብ ብቻ ነበር። አሁን ግን ያዘዘኝ ሰው አይደለም፣ ስልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ አዩብ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ አንድ አፕ ጫነልኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ከነቤተሰባቸው ለዩኒቨርሲቲ የሚያሰናዳ ነው አለኝ። ልጅ በስሟ ትገባና ጥያቄ ትመልሳለች፤ እናት ደግሞ እሁድ እሁድ የልጇን ነገር በቀለም ታያለች። አረንጓዴ ከሆነ መንገዷ ቀና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ትበርታ፣ ቀይ ከሆነ... ቀይስ ለማንም አይስጥ። ከታች «ወላጅ ሆይ፣ በቤት ያስተዋሉትን በማስታወሻ ይያዙ» የሚል አለበት። የትዕግሥትን ትርፍ ደብተር አንሥቼ ያዝሁ።

የወለድሁት አንድ ነው፣ ትዕግሥትን። አባቷ ከሞተ ወዲህ የምተነፍሰው ለሷ ነው። ዘርፌ ደግሞ አለች፣ የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ልጅ፣ ከቤተ ልሔም በኩል። እዚያ ገጠሩ ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል የሚሆን ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ መሪጌታ «ልጄን አደራ» ብለው እኔ ዘንድ ካስቀመጧት አራተኛ ዓመቷ ነው። ከትዕግሥት ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ መደብ ላይ ይተኛሉ። ስንቋን ከአገሯ ታመጣለች። ውሃውን፣ ወፍጮውን፣ ግቢ መጥረጉን ሳልነግራት ትሠራልኛለች። እሷም ትመዝገብ አልሁት አዩብን።

«እንግዲያው ሁለት ልጅ አለኝ በያ፣ እትዬ ዓለምጸሐይ» አለኝ። «ስልኩ እንደሆን የማን ሆድ እንደወለዳቸው አይጠይቅ።»

ሚስቱ አሲያ ከሱቁ ውስጥ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ!» አለችው። ሳቅን።

መጋቢት 8

ቸኩያለሁ፣ በርበሬው ፀሐይ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀለም መጣ። ሁለቱም ቢጫ። ዘርፌን ምንም አላልኋት፣ የሰው ልጅ ናት። ትዕግሥትን ግን ተቆጣሁ። «ቢጫ ምንድን ነው? እኔ ለቢጫ ነው ጭስ የምበላው?» አልኋት። አለቀሰች። ስታለቅስ ደግሞ አንጀቴን በላችው። ግን ምን ላድርግ፣ ለራሷ ብዬ ነው።

መጋቢት 15

አረንጓዴ! ትዕግሥቴ አረንጓዴ!

ስልኩን ይዤ አሲያ ሱቅ ሮጥሁ። ወፍጮ ቤት አሳየሁ። ከቅዳሴ ስንወጣ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ለእድርተኞቼ አሳየሁ። «አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ናቸው የሚጠይቋት፣ እዚህ ያለ መምህር እንዳይመስላችሁ» አልሁ።

ዘርፌ ግን ቀይ ሆነች። ገረመኝ። ለብቻዋ ጠራኋትና «ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አልኋት።

«እበረታለሁ እትዬ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ትዕግሥት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታየን ነበር።

ዘርፌ ስልኩን የምትይዘው ማለዳ፣ ትዕግሥት ሳትነሣ ነው። በሩ ሥር ተቀምጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ብዙ ጊዜ አያታለሁ። እንግዲህ ይዞ መቀመጥ ሌላ፣ መሥራት ሌላ ነው።

መጋቢት 21

ዛሬ ገበያ ስለነበር መሪጌታ መጡ። ሲመጡ ሁልጊዜ ቤቱ ይሞላል፤ ሰውነታቸው ትንሽ ነው፣ ድምፃቸው ግን የማሕሌት ድምፅ ነው። ልጆቹን አስወጡና በቀስታ አወሩኝ።

ሽማግሌ ተልኮባቸዋል። ከእስቴ በኩል፣ ለዲያቆን አዳነ ለሚባል ልጅ። የደብሩ ቄስ በጥር አርፈው ታቦቱ አገልጋይ አጥቷል። ልጁ ቅስና እንዲቀበል ደግሞ አስቀድሞ በተክሊል ማግባት አለበት። የመሪጌታ ልጅ ካልሆነች አንፈልግም ብለው ቆመዋል።

«ብትማርልኝ ደስታዬ ነው» አሉኝ። «ግን የወንድሜን ልጅ ዮሐንስን ታውቂው የለ? ካርዱ ላይ አንደኛ አንደኛ ሲባል ኖሮ ፈተናው ጊዜ ወደቀ። ይኸው ከትምህርቱም ከእርሻውም ሳይሆን ቀረ። እኔ ካርድ አላምንም ዓለምጸሐይ። እኛ ቅኔ ቤት፣ ነገሩ ያልገባለትን ልጅ መምህሩ ‹ሂድ ልጄ፣ ሌላ ተግባር ያዝ› ይለዋል። ዕድሜውን አይበላበትም። አንቺ ከሷ ጋር ውለሽ ታድሪያለሽ። ያ የሚጠይቃቸው ስልክም በእጅሽ ነው አሉ። ሳታዳዪ ንገሪኝ። የምታልፍ ከሆነ ሽማግሎቹን አመሰግኜ እመልሳለሁ። የማታልፍ ከሆነ ለዳግማይ ትንሣኤ እድራታለሁ። በግንቦት ሠርግ አይሆን፣ በሰኔ ጾሙ ይገባል፤ ደብሩ ደግሞ እስከ ጥር አይጠብቅም።»

«እንዴት አድርጌ መሪጌታ...» አልሁ።

«ያየሽውን ብቻ» አሉኝ።

ሲሄዱ ዘርፌ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ነግረዋታል ማለት ነው።

መጋቢት 29

ትዕግሥት ለአጎቷ ተዝካር አርብ ገበያ ከተማ ሄዳ ዛሬ ከሰዓት መጣች። ከዓርብ ጀምሮ እዚያ ነበረች። ስልኩን አልሰጠኋትም፣ ደንበኞቼ የሚደውሉት በሱ ነው። ቤት የነበርነው እኔና ዘርፌ ነን።

እሁድ ስለሆነ ቀለም ከፈትሁ። ትዕግሥት አረንጓዴ። ከሥሩ «ትዕግሥት ቅዳሜ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የበለጠ ሠርታለች፤ ያበረታቷት» ይላል።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብሁት።

ኔትወርኩ አዘግይቶት ይሆናል። የሐሙሱን ቅዳሜ ቆጥሮት ይሆናል። አዩብን እጠይቃለሁ።

ሚያዝያ 1

ጠየቅሁት።

«አዩብ፣ ስልክ ቀን ይሳሳታል?»

«ስልክ ቀን አይሳሳትም እትዬ፣ ሰው ነው የሚሳሳት። ምነው?»

«እንዲያው ነው። በአንዷ ስም ሌላዋ ብትሠራስ፣ ያውቅባቸዋል?»

«በምን ያውቃል? ስሙን እንጂ ጣቱን መች ያያል!» ብሎ ሳቀ።

አሲያ ጨርቅ እየለካች ነበር። ክንዷን እንደዘረጋች ቀና ብላ አየችኝ። አሲያ ዝም ስትል ደስ አይለኝም፤ ስትሳደብ ይሻለኛል።

ሚያዝያ 2

ትዕግሥትን ልጠይቃት ብዬ ራት ላይ አሰብሁ። እየበላች ነበር። እህል በሰላም ይግባላት ብዬ ተውሁት።

ዘርፌ ዕቃ ታጥብ ነበር። እሷንም አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ 5

በሥርዓቱ እጽፈዋለሁ፣ ኋላ እንዳልሳሳት።

መሪጌታ ከጠዋቱ መጡ፣ በእግራቸው አፈር ለብሰው። ዘርፌ ውሃ አሙቃ የአባቷን እግር ለማጠብ ተንበረከከች። አሲያ ሽሮ ልትወስድ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ትዕግሥትም ነበረች፣ ደብተር ዘርግታ።

«እንግዲህ ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ።

ለብቻችን እንነጋገር ልላቸው ነበር። «ሁሉም ቤተሰብ ነው፣ ተናገሪ» አሉ።

ስልኩን አወጣሁ። ትዕግሥት ደብተሯን ከደነች። ስልኩ ሲከፈት ቀለሙ በእጄ መዳፍ ላይ በራ።

«ቀይ ነው መሪጌታ» አልሁ።

«ቀይ ማለት?»

«ለፈተናው አልደረሰችም ማለት ነው።»

«አንድ ቀን ነው ወይስ እንዲያው ነው?»

«እ... ከሰነበተ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። «የልጅሽስ?» አሉኝ።

አሲያ እዚያ ነበረች። ትዕግሥት እዚያ ነበረች። «አረንጓዴ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንዷ ስታልፍ የሁለታችንም ናት» አሉ።

የዘርፌ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቀና ስትል ያየችው አባቷን አይደለም፣ እኔን ነው። ከዚያ ሌላኛውን እግራቸውን ያዘች።

ውሸት አልተናገርሁም። ያየሽውን ብቻ አሉኝ፣ ያየሁትን ነገርኋቸው። ማንም መጥቶ ቢከፍተው ቀይ ነው የሚያይ።

ሚያዝያ 6

ዛሬ ቀለም አላየሁም። ራሴን አመመኝ።

ሚያዝያ 13

ሆሳዕና። ዘርፌ ሄደች። ልብሷን ቋጠረች፣ መጻሕፍቷን ግን ግድግዳው ሥር እንደተደረደሩ ተወቻቸው። አዲሱን ነጠላዬን ሰጠኋት። እምቢ አለች፣ በግድ አስያዝኋት።

ትዕግሥት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አላስለቅቅ አለቻት። «ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» ትላለች። ልጆች ሲለያዩ እንዲህ ይባባላሉ መቼም።

ዘርፌ አላለቀሰችም። «አስቸገርኋችሁ እትዬ» አለችኝና እጄን ሳመች። እኔን! አስቸገርኋችሁ!

ሚያዝያ 16

መምህር ፊልጶስ፣ ሒሳብ የሚያስተምራቸው፣ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ዘርፌ የት ገባች? ከትላንት ወዲያም የለች።»

«ዳሯት። ለዳግማይ ትንሣኤ ነው ሠርጉ።»

ያየኝ እንደ በሽተኛ ነው። «ምን? ከዚህ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ያልፋል ቢሉኝ እሷን ነበር የምጠራ! ማን ነው አባቷን እንዲህ ብሎ የመከራቸው?»

«እንጃ» አልሁት።

እንጃ! ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ገና ነው። ሠርጉ አልደረሰም። ቤተ ልሔም ሩቅ አይደለም፣ ነገ ማለዳ ተነሥቼ እሄዳለሁ። «ስልኩ ተሳስቶ ነበር» እላቸዋለሁ። ስለ ትዕግሥት ማንሣት አያስፈልግም። ስልኩ ተሳስቶ ነበር፣ አለቀ። ግን መሪጌታ ሞኝ አይደሉም፤ «የአንዷን ከተሳሳተ የሌላዋስ?» ይሉኛል። ያን ጊዜ ምን እላለሁ? አገሩ ሁሉ የትዕግሥትን አረንጓዴ አይቷል። እኔው ነኝ ያሳየሁት።

ሚያዝያ 17

አልሄድሁም። ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ ሰው ቤት አልገባም። መሪጌታ ስልክ የላቸውም፤ የጎረቤታቸውን ይዣለሁ፣ ግን ይህ በሰው ስልክ የሚነገር አይደለም። ሠርጉ ላይ በአካል እነግራቸዋለሁ። በአካል ይሻላል።

ሚያዝያ 20

ፋሲካ። ዶሮው አልጣመኝም። ጨው አብዝቼበት ይሆናል።

ሚያዝያ 28

ከሠርጉ ተመለስሁ። ትዕግሥት ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች።

ከዋዜማው ደረስሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገና ሳይነጋጋ ወጣሁና መሪጌታን ብቻቸውን በአጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ...» አልሁ።

«አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ዓይንሽ ቀልቷል። አራት ዓመት እንደ ልጅሽ ይዘሻት፣ ቤቱ ሲጎድልብሽ ሆድ ባሰሽ።»

ጠበቁኝ። እውነቴን ነው፣ ጠበቁኝ። ከልባቸው ነበር የሚያዩኝ፤ ወፍ እንኳ ገና አልጮኸም፣ ማንም አልነበረም፣ የምፈራው ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ።

«አዎ፣ ሆድ ብሶኝ ነው» አልሁ።

«አይዞሽ። ሩቅ አልሄደችም» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያማ ቅዳሴው ገባ። ሙሽሮቹ ካባ ለበሱ፣ ዘውድ ተደረገላቸው፣ ቆረቡ። ልጁ ትሑት ነው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሰው አያይ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርሁት። በቁርባን የተጋባ አይፈታ፣ የካህን ሚስት ደግሞ ጭራሽ። እስክስታው ላይ እልል አልሁ። ከሁሉም በላይ ጮኼ እልል ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ግንቦት 4

እሁድ። ትዕግሥት ቀይ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኋት። «ፈተናው አንድ ወር ቀርቶት?»

«ዘርፌ የለችማ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ድስቱን አማሰልሁ።

ግንቦት 11

ስልኩ ይኸን ላከልኝ፣ እንዳለ ገለበጥሁት፦ «ዘርፌ በዚህ ሳምንት ምንም አልሠራችም። ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ ተስፋ እንዳትቆርጥ ጥቂት ጊዜ አብረዋት ይቀመጡ።»

አዩብ ላጥፋልሽ አለኝ፣ ስሟን። «ተወው» አልሁት። «ምን ያደርግልሻል?» አለ። «ተወው አልሁህ!» ጮህሁበት፣ በሰው ፊት። አሲያ ልጇን ወደ ውስጥ አስገባች።

ሰኔ 3

ፈተና ጀመሩ። ትዕግሥት ቁርሷን አልነካችም። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኋት። መምህር ፊልጶስ የመግቢያ ካርድ ያድላል። አንድ ካርድ እጁ ላይ ቀረ። ፎቶው ላይ ዘርፌ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ያን ሸሚዝ የተኮስሁላት እኔ ነኝ። ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሰላም አላለኝም።

ሰኔ 21

መሪጌታ ማር ይዘው መጡ። በቅል ሙሉ፣ ነጭ ማር።

አዳነ ቅስናውን ተቀብሏል፤ ደብሩ መቀደስ ጀምሯል። ዘርፌ ደህና ናት፣ ዝምታ ታበዛለች አሉ። «ስንቱ ወላጅ በልጁ ይሞኛል» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ‹ልጅህ ጎበዝ ናት› ይለኝ ነበር፣ ለደስታዬ ብሎ። እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ለልጅሽ እግዚአብሔር ያድርግላት። የኔ ቀርቶ የሷን ያሳየኝ።»

ተነሥቼ ቆሜ ምርቃቱን ተቀበልሁ። አሜን አልሁ። ምን እላለሁ ታዲያ፣ ምርቃት እምቢ አይባል።

አሲያ ሽሮዋን ሳትወስድ ወጣች። ማታ በሱቋ በኩል ሳልፍ ለባሏ ስትነግረው ሰማኋት፣ «አሜን አለች እኮ። ዓይኗን ሳታሽ አሜን አለች።»

ማሩን አልከፈትሁትም።

ነሐሴ 12

ውጤት መጣ። ትዕግሥት አላለፈችም። በጥቂት ቢሆን ጥቂት ይባላል፤ በጥቂት አይደለም።

መደቡ ላይ ተኝታ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ልቆጣት ገብቼ ተውሁት። አጠገቧ ተቀመጥሁ። «እማዬ» አለችኝ ሳትዞር፣ «አንቺ ቢጫውን ስታዪ እንደዚያ ባትሆኚብኝ እኮ...» ሌላውን አልጨረሰችው።

ነሐሴ 23

ዘርፌ መጣች።

ባሏ ለመቅደሱ መጋረጃ ጨርቅ ሊገዛ አሲያ ሱቅ ገብቶ ነው፣ እሷ መጻሕፍቷን ልትወስድ መጣች። ለታናሿ ነው አለች፣ በመስከረም ዘጠነኛ ትገባለች። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ከሳ ብላለች። ትዕግሥት ከጓዳ አልወጣችም።

ቆሎ አቀረብሁ። አልነካችውም። ቅጠል የመሰሉ እጆቿ ሻካራ ሆነዋል። መጻሕፍቱን አንድ አንድ እያነሣች አቧራቸውን ታራግፋለች፤ የሒሳቡን ከፈተችና ትንሽ አነበበች፣ እንደ ድሮዋ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዘጋችው።

አልቻልሁም። «ለምን ለአባትሽ አልነገርሽም?» አልኋት።

«ምኑን እትዬ?»

«በትዕግሥት ስም የምትሠሪው አንቺ እንደነበርሽ።»

ይኸው ጻፍሁት።

መጻሕፍቱን በገመድ እያሰረች ነበር።

«ትዕግሥት አልቅሳ ለመነችኝ፣ ‹እናቴ ትገለኛለች› ብላ። ቤታችሁ እየኖርሁ፣ ከመሶባችሁ እየበላሁ፣ ልጅዎን እንዴት አሳጣለሁ? ለሁለት ስም የሚበቃ ጊዜ ደግሞ አልነበረኝም» አለች። «ደግሞ አንቱ ያውቁ ነበር። ከአርብ ገበያው ጊዜ ወዲህ አያየኝም ነበር ዓይንዎ። አንቱ የሚነግሯቸው መስሎኝ ጠበቅሁ።»

«ልነግራቸው ነበር ዘርፌ። በመድኃኔ ዓለም፣ ልነግራቸው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት በወደድሁ። «የሠርጉ ዕለት ማለዳ ከአባቴ ጋር በአጥሩ ሥር ቆመው በመስኮት አይቼዎታለሁ። ‹ነገሯቸው› ብዬ የሙሽራ ልብሴን ማውለቅ ጀምሬ ነበር። ኋላ አባቴ ከደጅ ‹ነዪ ልጄ፣ ቅዳሴው ደርሷል› ብለው ሲጣሩ፣ መልሼ ለበስሁት።»